ሰውነት መልስ እየሰማ ነው የሚያዘው

እንደምን ዋላችሁ። ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ በተለይ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለፈተና አይደለም፣ ግማሹ ለናንተ ግማሹ ለነሱ ነው።

በአንድ ቃል ልጀምር። ክው። "ክው አልኩ" እንል የለ? መንገድ እያቋረጣችሁ ነው፣ ሀሳባችሁ ሌላ ቦታ ነው፣ ድንገት ከጎናችሁ የመኪና ጥሩምባ ይጮሃል። ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቁ ወደ ኋላ ዘላችኋል። መኪናው አለፈ፣ አልነካችሁም፣ ተመስገን ብላችሁ ዳር ላይ ቆማችኋል፣ አደጋው አልቋል፣ ግን ልባችሁ አሁንም ይደልቃል፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቃችሁ ደርቋል፣ ጉልበታችሁ ከድቷችኋል፣ ይሄ ነገር ደቂቃዎች ይቆያል። እኔ ተማሪ እያለሁ ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ ይሄ ጥያቄ ነው። መኪናው ካለፈ በኋላ ለምንድነው የምንንቀጠቀጠው?

ምክንያቱ ሰውነታችን ስለዛ መኪና ወሬውን በሁለት መንገድ ስለላከው ነው። አንደኛው መንገድ ነርቭ ነው፣ እሱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ አዘለላችሁና ስራውን ጨረሰ። ሁለተኛው መንገድ ደም ነው። በደም የተላከው መልእክት ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ከደረሰ በኋላ ደሞ ቶሎ አይወጣም፣ የቆማችሁበት ዳር ላይ ገና እየዞረ ነው። ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለነዚህ ሁለት መንገዶች ነው፣ ከሁሉም በላይ ግን ስለ አንድ ነገር፣ ማለትም ሰውነት ትእዛዝ ብቻ ልኮ ዝም እንደማይል፣ መልሱን እየሰማ እንደሚያዝ፣ መልሱ የጠፋ ቀን ደሞ ሰው ምን እንደሚሆን። ይሄንን የተማርኩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ ከእናቴ ነው፣ እሷ ጋር በኋላ እመጣለሁ።

ከነርቩ እንጀምር፣ ፈጣኑ እሱ ስለሆነ። አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። ብዙ ሰው ነርቭ ሲባል ግድግዳ ውስጥ እንዳለው የመብራት ሽቦ አድርጎ ነው የሚያስበው፣ ግን እንደዛ አይደለም። የነርቭ ሴል ዝም ብሎ ተቀምጦ ባለበት ሰአት ውስጡ ከውጪው አንጻር በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው፣ ይሄን ልዩነት ለማቆየት ቀን ከሌት ሶዲየም ወደ ውጪ ፖታሲየም ወደ ውስጥ ይገፋል። አንድ ነገር ሲቀሰቅሰው ግድግዳው ላይ ያሉ ትንንሽ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ግር ብሎ ይገባል፣ አጠገቡ ያሉት በሮች ይሄ ሲሰማቸው እነሱም ይከፈታሉ፣ ከዛ ቀጥሎ ያሉትም፣ ከኋላ ደሞ ፖታሲየም እየወጣ ቦታው ወደነበረበት ይመለሳል። አንድ ቦታ ላይ ይሄ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ተርታ የቆሙ ሰዎች አንዱ የሌላውን ትከሻ እየነካ ወሬ እንደሚያቀብሉት አስቡት፣ እያንዳንዱ ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ ወሬው ግን ይሄዳል። እና አንድ የሚገርመኝ ነገር፣ በቀስታ ሲነኩን ትንሽ ምልክት፣ ሲመቱን ትልቅ ምልክት አይደለም የሚሄደው፣ አንድ የነርቭ ሴል የሚልከው ምልክት ሁሌም ያው አንድ ዓይነት ነው፣ የሚለየው በሰከንድ ስንቴ እንደሚልከው ነው።

ድሮ ሰው የነርቭን ፍጥነት መለካት የሚቻል አይመስለውም ነበር። ዮሃንስ ሙለር የሚባል በጊዜው በጣም የተከበረ የፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነት አሰራር ጥናት፣ ሊቅ ፈጽሞ የምንለካው አይመስለኝም የሚል ሀሳብ ነበረው፣ የራሱ ተማሪ የነበረው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ግን በፈረንጆቹ 1850፣ ዛሬ የምጠራቸው አመቶች ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ናቸው፣ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካው፣ በሰከንድ ወደ 27 ሜትር። ይሄ ለሰዎቹ ድንጋጤ ነበር፣ ምክንያቱም ሀሳብና ስሜት ጊዜ ይፈጃል ማለት ነው፣ እግራችን ላይ የሆነውን ነገር የምናውቀው ከሆነ በኋላ ነው ማለት ነው። በሰው ላይ ማይሊን በሚባል ቅባታማ ነገር የተሸፈኑት ወፋፍራም ነርቮች በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይደርሳሉ፣ ሽፋን የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ደሞ በሰከንድ 1 ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዙት። ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በጨለማ የእግራችሁ ጣት የአልጋ ጠርዝ ሲመታ መጀመሪያ "መታኝ" የሚለው ይመጣል፣ ከዛ ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዛ ነው ያ የሚያቃጥለው ህመም የሚመጣው። ያቺ የዝምታ አፍታ የዘገምተኛው ነርቭ የጉዞ ሰአት ናት። የጋለ ነገር ስትነኩ ደሞ እጃችሁ የሚሸሸው አንጎላችሁ "ተቃጠልኩ" ከማለቱ በፊት ነው፣ ትእዛዙ ከኅብለ ሰረሰር ነው የሚመለሰው፣ አንጎል የሚሰማው ከተፈጸመ በኋላ ነው።

አሁን ግን አንዱ የነርቭ ሴል ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ከቀጣዩ ሴል ጋር አይነካኩም፣ መሀላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ፣ ሲናፕስ ይባላል። ወሬው ያቺን ክፍተት እንዴት ይሻገራል የሚለው ለብዙ አመት ያጨቃጨቀ ጉዳይ ነበር፣ ግማሹ በኤሌክትሪክ ይላል ግማሹ በኬሚካል ይላል። ኦቶ ሌዊ የሚባል በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ የነበረ ተመራማሪ አንድ ሌሊት በህልሙ የሙከራውን መንገድ ያያል፣ ተነስቶ ወረቀት ላይ ይጭረዋል፣ ጠዋት ሲነሳ የጻፈውን ማንበብ አቃተው። ቀኑን ሙሉ ሲጨነቅ ዋለ። በሚቀጥለው ሌሊት ህልሙ ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ግን አልተኛም፣ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ፣ ራሱ የተናገረው ታሪክ ነው። ሁለት የእንቁራሪት ልብ ወሰደ፣ የአንደኛውን ልብ ቬገስ የሚባለውን ነርቭ ቀሰቀሰ፣ ልቡ ዝግ አለ። ያ ልብ የተነከረበትን ፈሳሽ ቀድቶ ነርቩ ወዳልተነካው ወደ ሁለተኛው ልብ አፈሰሰው። ሁለተኛውም ዝግ አለ! ማንም ሳይነካው። ነርቩ ፈሳሹ ውስጥ የሆነ ነገር ጥሏል ማለት ነው፣ ያ ነገር አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነበር። ይሄ የታተመው በ1921 ነው፣ በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

እኔ ይሄን ታሪክ የምወደው ስለ ህልሙ አይደለም። የምወደው ምን ስለሚያሳይ መሰላችሁ፣ ነርቭ የሚባለው ነገር መንገዱን ሁሉ በኤሌክትሪክ ሮጦ ሮጦ መጨረሻ ላይ የሚናገረው በኬሚካል ነው። ያ በደም የሚላከው መልእክት፣ ሆርሞን የሚባለው፣ እሱም ኬሚካል ነው። እንደውም ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ኬሚካል ብንወስድ፣ በነርቭ ጫፍ ላይ ክፍተቷን ሲሻገር የነርቭ መልእክተኛ እንለዋለን፣ ያው ራሱ ሞለኪውል ደም ውስጥ ገብቶ ሲዞር ሆርሞን እንለዋለን። ሞለኪውሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው የሄደበት መንገድ ነው። ስለዚህ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ሁለት ምዕራፍ ሆነው ስታገኟቸው ሁለት የተለያዩ መንግስታት አይምሰሏችሁ።

የሆርሞኑ ታሪክ ደሞ የሚጀምረው ከአንጀት ነው። ያኔ ሩሲያዊው ተመራማሪ ኢቫን ፓቭሎቭና ተማሪዎቹ የምግብ መፈጨት በሙሉ በነርቭ ነው የሚታዘዘው ብለው ያምኑ ነበር፣ ብዙ ማስረጃም ነበራቸው። በ1902 ለንደን ውስጥ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ፣ የሚዛመዱ ሰዎች ናቸው ቤይሊስ የስታርሊንግን እህት ነው ያገባው፣ አንድ ሙከራ ሰሩ። የውሻ አንጀት ላይ አንድ ቁራጭ ወስደው የሚገቡትን ነርቮች በሙሉ ቆራረጧቸው፣ የደም ስሮቹን ብቻ ተዉ፣ ከዛ ከጨጓራ እንደሚመጣው ዓይነት አሲድ አስገቡበት። ነርቭ የለም፣ ስለዚህ ቆሽት ምንም መስማት አልነበረባትም። ቆሽት ግን ፈሳሿን ማፍሰስ ጀመረች። ከዛ የአንጀቱን ውስጠኛ ሽፋን ፍቀው ከአሲድ ጋር ፈጭተው አጣርተው ደም ስር ውስጥ ሲወጉት አሁንም ቆሽት አፈሰሰች። አንጀት ለቆሽት ደብዳቤ የምትልከው በደም ነው ማለት ነው! ያንን ነገር ሴክሬቲን አሉት፣ በ1905 ደሞ ስታርሊንግ ለእንደዚህ አይነት መልእክተኞች ሁሉ "ሆርሞን" የሚለውን ቃል ተጠቀመ፣ ከግሪክኛ የመጣ ነው፣ መቀስቀስ ማነሳሳት ማለት ነው። የፓቭሎቭ ላቦራቶሪም ሙከራውን ደግሞ ሰርቶ ልክ መሆኑን አየ።

እሺ ግን እዚህ ጋ አንድ ተማሪ ሁሌ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደም ሁሉም ቦታ ይደርሳል፣ በእረፍት ላይ እያለን እንኳን በአንድ ደቂቃ ገደማ መላ ሰውነታችንን ይዞራል፣ ታዲያ ሆርሞኑ ሁሉም ጋ ከደረሰ ሁሉም ለምን አይታዘዝም? መልሱ ሪሴፕተር ነው፣ ሴል ላይ ያለ መልእክት ተቀባይ ማለት ነው። ደብዳቤው በየቤቱ ይጣላል፣ ማንበብ የሚችለው ግን ለዛ ደብዳቤ ሪሴፕተር ያለው ሴል ብቻ ነው። በዛ ላይ ያው አንድ ደብዳቤ በተለያየ ቤት የተለያየ ነገር ይነበባል። ስንደነግጥ የሚለቀቀውን ሆርሞን፣ አድሬናሊንን ተመልከቱት፣ ልብ ሲያገኘው "ፍጠን" ብሎ ያነበዋል፣ ሳንባ ውስጥ ያሉ የአየር ቱቦዎች "ተከፈቱ" ብለው፣ ጉበት "ያጠራቀምከውን ስኳር ልቀቅ" ብሎ፣ የቆዳ ደም ስሮች "ተኮማተሩ" ብለው፣ ለዛ ነው ስንደነግጥ ፊታችን አመድ የሚመስለው። ከሰውየው ፊት ደም ጠፋ እንላለን፣ በእርግጥም ደሙ ወደ ጡንቻ ተልኳል፣ አነጋገር ብቻ አይደለም።

አድሬናሊን ከተነሳ ወደ መኪናችን እንመለስ። ከኩላሊታችን በላይ ቆብ መስለው የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፣ አድሬናል ይባላሉ። የነዚህ ዕጢዎች ውስጠኛው ክፍል በትክክል ሲታይ ዕጢ የሆነ ነርቭ ነው፣ በጽንስ ጊዜ ከነርቭ ሴሎች ጋር ከአንድ ምንጭ ነው የመጣው፣ ጅራቱን አውጥቶ ወደ ሌላ ሴል ከመሄድ ይልቅ ኬሚካሉን በቀጥታ ደም ውስጥ ይደፋዋል። ከአንጎል የተነሳ ነርቭ በኅብለ ሰረሰር በኩል መጥቶ ይቀሰቅሰዋል፣ እሱ ደሞ ደሙን ያጥለቀልቀዋል። የመጀመሪያው ዝላይ የነርቭ ነው፣ ዳር ላይ ቆማችሁ የምትንቀጠቀጡት የዚህ ነው፣ ጉበትና ሌሎች አካላት አድሬናሊኑን ሰባብረው እስኪጨርሱት ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከደነገጠ በኋላ "በቃ አለፈ እኮ፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል" አትበሉት። ለእሱ ደም ገና አላለፈም። አስቀምጡት፣ አጠገቡ ሁኑ፣ ጊዜ ስጡት፣ ይሄ ፍርሃት ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ዋናው ቦታ ግን አንጎል ስር ነው። ሃይፖታላመስ የሚባል 4 ግራም ገደማ የሚመዝን የአንጎል ክፍል አለ፣ ከስሩ በቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለች አተር የምታክል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች፣ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ለብዙ ጊዜ ፒቱታሪን የዕጢዎች ሁሉ አለቃ ይሏት ነበር፣ አሁንም መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ፣ እኔ ግን አልወደውም ምክንያቱም እሷም ከላይ ትታዘዛለች ከታች ደሞ ትሰማለች። ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ የሚልከውን ኬሚካል ለማግኘት ሮጀር ጊየሜን በበግ አንጎል፣ አንድሩ ሻሊ ደሞ በአሳማ አንጎል እየተፎካከሩ አመታት ፈጅተዋል፣ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ እንስሳት አንጎል ሰብስበው ያገኙት በሚሊግራም የሚለካ ነገር ነበር። በ1969 የመጀመሪያውን አወቃቀር ደረሱበት፣ ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ሞለኪውል ናት፣ ስራዋ ፒቱታሪን "ታይሮይድን ቀስቅሺ" ማለት ነው። በ1977 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ከእናቴ ታሪክ ጋር የምትገናኘው ይቺው ሞለኪውል ናት።

ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እዚህ ያላችሁ እናቶች በሰውነታችሁ ታውቁታላችሁ። ህጻን ጡት ሲይዝ የሚሆነውን። የህጻኑ አፍ ጡቱን ሲነካ ነርቭ ምልክቱን ይዞ ወደ ሃይፖታላመስ ይሮጣል፣ እዛ ያሉት ሴሎች ረጅም ጅራታቸውን እስከ ፒቱታሪ የኋላ ክፍል ድረስ ዘርግተዋል፣ ከዛ ጫፍ ኦክሲቶሲን ደም ውስጥ ይለቀቃል፣ ደሙ ተመልሶ ወደ ጡት ይሄዳል፣ በወተት ከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉት ሴሎች ይጨመቃሉ፣ ወተቱ ይወርዳል። ሲሄድ በነርቭ፣ ሲመለስ በደም። አንድ ዙር ነው፣ ከየት እስከ የት ነርቭ ከየት እስከ የት ሆርሞን ነው ብሎ መቁረጥ የሚችል ሰው የለም። ልጁ ገና ሌላ ክፍል ሆኖ ሲያለቅስ ድምጹን ሰምታ ወተቷ የሚወርድ እናት አለች፣ ማለትም መንካት እንኳን ሳያስፈልግ ጆሮ በቂ ነው። በተቃራኒው እናት በጣም ስትጨነቅ፣ ህመም ላይ ስትሆን ወይ ስትደነግጥ ወተቱ ሊዘገይ ይችላል። ይሄን አውቀን "ወተት የላትም" ከማለታችን በፊት ያቺን እናት ማሳረፍ፣ ጸጥ ያለ ቦታ መስጠት እኮ ህክምና ነው።

ከዛው ቦታ ኤዲኤች የሚባል ሌላ ሆርሞንም ይወጣል፣ የውሃችን ጠባቂ ነው። ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፣ የምንሸናው ግን አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይመለሳል። ውሃ አንሶን የደማችን የጨው ክምችት በ1 ወይም በ2 በመቶ ሲጨምር ሃይፖታላመስ ያውቀዋል፣ በአንድ በኩል ኤዲኤች ይልካል፣ በሌላ በኩል "ጠማኝ" ያሰኘናል። ይሄ ሆርሞን የጠፋበት ሰው በቀን ከ10 ሊትር በላይ ሊሸና ይችላል።

አሁን ወደ እናቴ።

እናቴ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የምትነሳ ሰው ነበረች። እኔ ዩኒቨርስቲ እያለሁ ቀስ በቀስ ተለወጠች። አረፋፍዳ መነሳት ጀመረች፣ ከዛ ቀን ቀንም መተኛት፣ ሰው ሁሉ በሚሞቀው ቀን እሷ ብርድ ልብስ ደርባ ትቀመጣለች፣ ፊቷ አበጥ አለ፣ ምግብ ሳትጨምር ክብደቷ ጨመረ፣ ድምጿ ጎረነነ፣ የሚነግሯትን ትረሳለች። እኛ ምን አልን? እርጅና ነው አልን። ዘመድ ልቧ ተሰብሮ ነው አለ። አንድ ሁለት ቦታ አሳይተናት ጭንቀት ነው እረፍት ያስፈልጋታል ተባልን። እሷ ራሷ "ሰነፍኩ" ትል ነበር፣ ይሄ ቃል እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ምክንያቱም አምናበት ነበር። ሦስት አመት እንዲህ ሆነ። እኔ በነዛ አመታት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የታይሮይድን ምዕራፍ ተምሬያለሁ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፣ ግን መጽሐፉ ላይ ያለውን እና እቤት ብርድ ልብስ ውስጥ ያለችውን ሴት አላገናኘኋቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሰራው። ታይሮይድ አንገታችን ላይ ያለች ዕጢ ናት፣ ከአዮዲን ሆርሞን ትሰራለች፣ ያ ሆርሞን በሰውነታችን ያለ ሴል ሁሉ ማለት ይቻላል በምን ፍጥነት ይስራ የሚለውን ይወስናል፣ ሙቀታችንን፣ የልባችንን ምት፣ የአንጀታችንን እንቅስቃሴ፣ የሀሳባችንን ፍጥነት ሳይቀር። ሃይፖታላመስ ያቺን ትንሽ ሞለኪውል ለፒቱታሪ ይልካል፣ ፒቱታሪ ቲኤስኤች የሚባል ሆርሞን ለታይሮይድ ትልካለች፣ ታይሮይድ የራሷን ሆርሞን ትለቃለች። እስካሁን ትእዛዝ ነው። ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን በደም ዞሮ ተመልሶ ፒቱታሪና ሃይፖታላመስ ጋ ሲደርስ እነሱ ያነቡታል፣ "በቂ ነው" ብለው ይቀንሳሉ። ሲያንስ ደሞ ይጨምራሉ። ትእዛዝ ይሄዳል፣ መልስ ይመጣል፣ በመልሱ መሰረት ቀጣዩ ትእዛዝ ይስተካከላል፣ እድሜ ልክ። ዋልተር ካነን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ በ1926 ለዚህ አይነት ሚዛን ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም አወጣለት፣ ግን ሚዛን ሲባል የቆመ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሁሌም እየተወዛወዘ የሚስተካከል ነው።

የእናቴን ታይሮይድ የራሷ የሰውነት መከላከያ እያጠቃው ነበር። ሆርሞኑ እያነሰ ሄደ። ፒቱታሪ መልስ ስታጣ ምን አደረገች? ድምጿን ከፍ አደረገች። ቲኤስኤች ጨመረች፣ አሁንም መልስ የለም፣ አሁንም ጨመረች። በመጨረሻ አንድ ጎበዝ ሐኪም እጇን ጨብጦ ቅዝቃዜውን ሲያይ፣ ቆዳዋን ሲያይ፣ ንግግሯን ሲሰማ ወዲያው ደም እንድትሰጥ አዘዘ። ቲኤስኤች ብዙ ጊዜ ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ነው መሆን ያለበት፣ የእሷ ከ60 በላይ ነበር። ያንን ወረቀት ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እኛ ሦስት አመት ሙሉ "ሰነፈች" ስንል፣ አተር የምታክለው ዕጢዋ እየጮኸች ነበር፣ የሚሰማ ሰው አጥታ።

እንቅርት የሚባለውም ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው። አዮዲን ሲጠፋ ታይሮይድ ሆርሞኑን መስራት ያቅታታል፣ መልስ አይመለስም፣ ቲኤስኤች ይጨምራል፣ ቲኤስኤች ደሞ ዕጢዋን "ስሪ" ብቻ ሳይሆን "እደጊ" ይላታል፣ ታድጋለች፣ አንገት ላይ ትወጣለች። አዮዲን የገባበት ጨው ይሄን ስለሚከላከል ነው ሐኪሞች ደጋግመው የሚነግሩን። እርጉዝ እናቶች ላይ ደሞ ጉዳዩ ከአንገት ያልፋል፣ ምክንያቱም የጽንሱ አንጎል የሚገነባው በዚህ ሆርሞን እርዳታ ነው። ታይሮይዱ የማይሰራ ሆኖ የተወለደ ህጻን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታከመ አንጎሉ ላይ የማይመለስ ጉዳት ይደርሳል፣ ከታከመ ግን እንደማንኛውም ልጅ ሊያድግ ይችላል፣ ለዛ ነው ከተረከዝ ጠብታ ደም ወስዶ መመርመር በሚቻልበት ቦታ ሁሉ መደረግ ያለበት። ነርቭን የሚሰራው ራሱ ሆርሞን ነው፣ ሆርሞንን የሚያዘው ደሞ ነርቭ።

ስኳርንም ሳላነሳ ብወርድ እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታዝኑብኛላችሁ። በአንድ ትልቅ ሰው ደም ውስጥ ባንድ ጊዜ ያለው ስኳር 5 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ከጉልበታችን 20 በመቶውን ይወስዳል፣ ዋና ምግቡ ደሞ ያቺ ስኳር ናት፣ ስለዚህ ያቺ ማንኪያ እንዳትጎድል ሰውነት በብዙ መንገድ ይጠብቃታል። ስንበላ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ስኳሩን ወደ ሴሎች ያስገባል፣ ስንጾም ግሉካጎን የሚባል ሌላ ሆርሞን ወጥቶ ጉበትን ያስለቅቃል። በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ከቆሽት ማውጣት ቻሉ፣ በጥር 1922 ሌናርድ ቶምሰን የሚባል የ14 አመት የስኳር ታማሚ ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዛ በፊት እንደሱ የታመመ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ሌናርድ 13 አመት ተጨማሪ ኖረ።

ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጤነኛ ቆሽት ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊኑን ታቆማለች፣ መርፌ ግን መልስ አይሰማም፣ አንዴ ከገባ ገባ። ስኳሩ ሲወርድ ነርቭ አድሬናሊን ያስለቅቃል፣ ላብ በላብ መሆን፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የልብ ምት፣ ያው መኪና እንዳለፈብን የሚሰማን ነገር። ስለዚህ ያለ ምክንያት የተናደደ፣ የተነጫነጨ ወይ የተደናበረ የስኳር ታማሚ ስታዩ ጸባዩን ከመውቀሳችሁ በፊት ስኳሩን ለኩ፣ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ነገር ስጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን ምንም ነገር አፉ ውስጥ አታድርጉ፣ ወደ ህክምና አድርሱት። ብዙ ጊዜ ስኳሩ የወረደበት ሰው ደሞ ቆይቶ ምልክቱ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ሰውነቱ መጮህ ይተዋል፣ እሱ ይበልጥ አደገኛ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ኮርቲሶል ስለሚባል ሆርሞን፣ ምክንያቱም አጥብቄ የምለምናችሁ ጉዳይ አለው። ኮርቲሶል ከአድሬናል ውጪኛው ክፍል ይወጣል፣ ጠዋት ከፍ ይላል እኩለ ሌሊት ላይ ዝቅ ይላል፣ ለዛ ነው የሌሊት ፈረቃ ሰውነትን የሚያደናግረው። ጭንቀት ሲረዝም እሱም ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ ስኳር ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያዛባል፣ መከላከያችንን ያዳክማል፣ አንዳንድ ሴቶች ላይ የወር አበባ እስከ ማቆም ይደርሳል፣ ሃይፖታላመስ "አሁን ጊዜው አይደለም" ብሎ ስለሚወስን። እና ፕሬድኒሶሎን የሚባለውንና መሰሎቹን መድኃኒቶች ለሳምንታት የምትወስዱ ሰዎች ስላላችሁ፣ እነዚህ የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸው፣ አንጎላችሁ በደም ውስጥ ሲያያቸው "ኮርቲሶል ሞልቷል" ብሎ ትእዛዝ ያቆማል፣ ዕጢው ስራ ፈትቶ ይሟሽሻል። በአንድ ቀን መድኃኒቱን ስታቆሙ ሰውነት ከውጪም የለው ከውስጥም የለው፣ ግፊት ሊወርድ፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ተሽሎኛል ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ሐኪሙ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ዕጢው እስኪነቃ ነው።

እናቴ መድኃኒቷን ስትጀምር ሐኪሙ "ዛሬ ምንም አይሰማዎትም፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም እንለካለን" አላት። እኔ ለምን ያን ያህል እንደሚቆይ አውቅ ነበር፣ ያ ሆርሞን በደም ውስጥ ግማሹ እስኪያልቅ ራሱ አንድ ሳምንት ይፈጅበታል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ አድሬናሊን በደቂቃዎች የሚጨርሰውን ስራ እሱ በሳምንታት ነው የሚሰራው። ግን ማወቅና መጠበቅ ይለያያል። በየቀኑ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጣለች፣ እኔ ፊቷን አያለሁ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም። አምስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል አንድ ጠዋት ከኔ በፊት የተነሳ ሰው ድምጽ ሰምቼ ወጣሁ። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እሷ መስኮቱን እየከፈተች ነበር፣ "ቤቱ አልሞቃችሁም?" አለችኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ወላጆች ትቅደሙ።